የ«ካደ» ተቃራኒ ስንት ነው?

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ ፈተና ላይ «ለሚከተሉት ቃላት ተቃራኒያቸውን ጻፉ» የሚል ትእዛዝ ያላየ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ተራ ቁጥር 1፦ ረጅም። ተራ ቁጥር 2፦ ሀብታም። ተራ ቁጥር 3፦ ካደ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙም አያከራክሩም። ሦስተኛው ላይ ግን ከአንድ ክፍል ብዙ ዓይነት መልስ ሊሰበሰብ ይችላል። አንዱ «አመነ» ይላል፤ ሌላዋ «ተቀበለ» ትላለች፤ ሦስተኛው «ታመነ» ብሎ ይጽፋል፤ ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ነገሩን ቀለል አድርጎ «አልካደም» ብሎ ያልፋል።

በመምህሩ የመልስ ወረቀት ላይ የተጻፈው «አመነ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው እንበል። ቀዩን እስክሪብቶ ያነሣና አንዱን ራይት፣ ሦስቱን ኤክስ አድርጎ ወደ ተራ ቁጥር 4 ይሄዳል። ለመሆኑ ሦስቱ ልጆች በእርግጥ ተሳስተዋል? ከተሳሳቱስ ስሕተታቸው እኩል ነው? ወይስ የተሳሳተው ጥያቄው ራሱ ነው? ነገ ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት የምንቆም ሰዎች ይህን ጉዳይ ዛሬ ብንመረምረው አይከፋም።

1. ተቃራኒ ሲባል

ተቃራኒ ቃላት ሁሉ አንድ ዓይነት ዝምድና የላቸውም። ዋና ዋናዎቹን ባጭሩ እንመልከት።

አንደኛው መካከል የሌለው ተቃራኒ ነው። በሬው ካልሞተ በሕይወት አለ፤ በሕይወት ከሌለ ሞቷል። ሦስተኛ ነገር የለም። ሁለተኛው መካከል ያለው ተቃራኒ ነው። ውሃው ሙቅ አይደለም ማለት የግድ ቀዝቃዛ ነው ማለት አይደለም፤ ለብ ያለም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው አንዱን ድርጊት ከሁለት ወገን የሚያሳየን ነው፤ «ሸጠ» እና «ገዛ»፣ «አበደረ» እና «ተበደረ» ከዚህ ይመደባሉ። አራተኛው አንዱ የሠራውን ሌላው የሚያፈርስበት ነው፤ «አሰረ» እና «ፈታ»፣ «ሾመ» እና «ሻረ» ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

ከዚህም ሌላ አንድ ቃል እንደሚገባበት ዐረፍተ ነገር ተቃራኒው ይለዋወጣል። አሁን የጠቀስነውን «ሻረ»ን እንውሰድ። ሹሙን ሻረ ሲባል ተቃራኒው «ሾመ» ነው። ሕጉን ሻረ ሲባል «አጸደቀ» ነው። ቁስሉ ሻረ ሲባል ግን «አመረቀዘ» ይሆናል። ቁስሉ ሾመ የሚል ሰው እንደሌለ ሁሉ ሕጉ አመረቀዘ የሚልም የለም። ስለዚህ ተቃራኒ የሚፈለገው ለብቻው ለቆመ ቃል ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ለገባ ቃል ነው። «ካደ»ም እንደዚሁ ነው።

2. «አልካደም» እና «አመነ» አንድ አይደሉም

ከኋላ ከተቀመጠው ልጅ እንጀምር። «አል…ም»ን መጨመር አሉታን ይሰጣል እንጂ ሁልጊዜ ተቃራኒን አይሰጥም። መካከል በሌለው ተቃራኒ ላይ ቢሆን ያስኬዳል፤ «አልሞተም» ያለ ሰው «በሕይወት አለ» ያለ ያህል ነው። በ«ካደ» እና በ«አመነ» መካከል ግን ሰፊ ቦታ አለ። ዝም ማለት፣ መጠራጠር፣ ወሬውን ማስቀየስ፣ «እስቲ ይታያል» ማለት ሁሉ እዚያ መካከል ላይ ናቸው።

ይህን አበው በአንድ ተረት ገልጸውታል። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። በቅሎዋ አባቷ አህያ መሆኑን በቃል አልካደችም፤ አላመነችምም። የተናገረችው ነገር ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱን የሰማ ሰው ሁሉ አባቷን እንዳፈረችበት ይገባዋል። እንግዲህ «አልካደችም» የሚለው ልክ ሆኖ ሳለ «አመነች» የሚለው ልክ አይደለም።

ሕግም ይህን መካከለኛ ቦታ ያውቀዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሹ ስለ ክሱ ተጠይቆ ዝም ካለ እንደ ካደ ተቆጥሮ እንዲመዘገብ ደንግጓል። በአንጻሩ በጋብቻ ውስጥ ልጅ ሲወለድ ሕጉ ባልየውን አባት ነው ብሎ ይገምታል፤ ባልየው ዝም ቢል አባትነቱ ይጸናል። አንዱ ዝምታ በክህደት በኩል፣ ሌላው ዝምታ በመቀበል በኩል ተቆጠረ ማለት ነው። ዝምታ በራሱ እምነትም ክህደትም ቢሆን ኖሮ ሕግ አውጪዎች ይህን ያህል ባልደከሙ ነበር።

ስለዚህ «አልካደም» ያለው ተማሪ ተቃራኒ አልሰጠንም። ይሁን እንጂ ኤክስ አድርጎ ከማለፍ ይልቅ የበቅሎዋን ተረት ብንነግረው ልዩነቱ በአንድ ጊዜ ይገባዋል።

3. «ካደ» ሌላ፣ «ከዳ» ሌላ

«ታመነ» ያለው ልጅ ደግሞ ሁለት ግሦች ተቀላቅለውበት ሊሆን ይችላል። ብዙ አዋቂዎችም ይቀላቀሉባቸዋል። «ካደ» ይክዳል፣ ክዶ፣ መካድ ይላል። «ከዳ» ግን ይከዳል፣ ከድቶ፣ መክዳት ነው። የመጀመሪያው የነበረውን አልነበረም፣ የሆነውን አልሆነም፣ የራስን የኔ አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛው አብሮ መቆም ሲገባ ትቶ መሄድ ነው። ወታደር ጦሩን ይከዳል። ጓደኛ ጓደኛውን በችግር ቀን ይከዳል። አቀበት ላይ «ጉልበቴ ከዳኝ» እንላለን እንጂ «ጉልበቴ ካደኝ» አንልም።

«ካደ» የመጣው «ክሕደ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው። አማርኛ በግሡ ውስጥ የነበረውን የጉሮሮ ድምፅ ጥሎታል፤ «ስሕተ»ን «ሳተ» እንዳደረገው ማለት ነው። በስሙ ላይ ግን ፊደሉ ቀርቷል፤ «ክህደት»፣ «ስሕተት» እንላለን። ተማሪ «ካደ» ውስጥ የሌለ «ህ» «ክህደት» ውስጥ ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

ለ«ከዳ» ተቃራኒው «ጸና»፣ «ታማኝ ሆነ»፣ «አብሮ ቆመ» ነው። «ታመነ» ያለው ልጅ እንግዲህ የ«ከዳ»ን ተቃራኒ ፈልጎ ከሆነ ያሰበው ነገር መሠረት አለው፤ የሳተው ግሡን ነው። «ከሃዲ» እና «ከዳተኛ» በአንድ ስድብ ውስጥ ተደባልቀው ሲነገሩ ሲሰማ ያደገ ልጅ ይህ ቢያጋጥመው አያስገርምም።

4. ምኑን ካደ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የ«ካደ»ን ተቃራኒ ለማግኘት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፤ እሱም «ምኑን?» የሚል ነው።

ሀ. ጥፋትን። ጥፋቱን ካደ ሲባል ተቃራኒው ያለ ጥርጥር «አመነ» ነው። ፍርድ ቤት ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ ተከሳሹ ለክሱ የሚሰጠውን መልስ «የእምነት ክህደት ቃል» ይለዋል። እዚህ ላይ «እምነት» ሃይማኖት ማለት አይደለም፤ «አዎ፣ አድርጌአለሁ» ማለት ነው። ከፍርድ ቤት ውጭ ደግሞ «ተናዘዘ» የሚል ቃል አለን። «አመነ» ስንል ሰውየው ተጠይቆ ነው፤ «ተናዘዘ» ስንል ግን ራሱ መጥቶ፣ የሸከመውን አውርዶ ነው። በግእዝ «ናዘዘ» አጽናና ማለት መሆኑን ስናውቅ «ተናዘዘ» የሚለው ቃል ከንስሐ ጋር ለምን እንደተያያዘ ይገባናል። የሚሞት ሰው ስለ ንብረቱ የሚሰጠውንም ቃል «ኑዛዜ» እንለዋለን።

ለ. ዕዳንና አደራን። ዕዳውን ካደ ቢባል «አመነ» ያስኬዳል። አደራን ካደ ሲባል ግን «አመነ» ጎደሎ ይሆናል። «አዎ፣ ሰጥተኸኛል» ብሎ አምኖ ዕቃውን ያልመለሰ ሰው ምን ይባላል? አደራ በላ ይባላል እንጂ አደራ ጠበቀ አይባልም። ስለዚህ እዚህ ተቃራኒው ቃል ሳይሆን ድርጊት ነው፤ «መለሰ»፣ «አስረከበ»፣ «አደራውን ጠበቀ»። ከዚህ ጋር «ተቀበለ» እና «ተረከበ»ም ቢለዩ መልካም ነው። ደብዳቤ እንቀበላለን፤ እንግዳ እንቀበላለን፤ ምክር እንቀበላለን። የትምህርት ቤቱን ንብረት ግን ቆጥረን፣ ፈርመን እንረከባለን። የተረከበ ሰው ቢጠፋ ይጠየቅበታል። መረከብ ኃላፊነትን የኔ ነው ማለት ነው።

ሐ. ልጅን። ልጁን ካደ ለሚለው ተቃራኒው «አመነ» ሳይሆን «ተቀበለ» ወይም «ልጄ ነው አለ» ነው። «ልጁን አመነ» ብንልማ ትርጉሙ ተለውጦ በልጁ ተማመነ ይሆናል። ስለዚህ «ተቀበለ» ብላ የጻፈችው ተማሪ ይህን ዐረፍተ ነገር በልቧ ይዛ ከሆነ ኤክስ የሚገባት አይደለችም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱን ቃላት ይጠቀሙባቸዋል። ነገር ግን አንዱን በሌላው ትይዩ አላስቀመጡም። በጋብቻ ውስጥ ለተወለደ ልጅ ባልየው አባት ነው ተብሎ ስለሚገመት መቀበል አይጠበቅበትም፤ አይደለሁም የሚል ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ መካድ አለበት። ከጋብቻ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብሮ ከመኖር ውጭ ለተወለደ ልጅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ መቀበል ግልጽ ቃል ይፈልጋል። በቡና ላይ «የኔው ነው» ማለት አይበቃም፤ ቃሉ ሕጉ በሚፈቅደው የጽሑፍ ሰነድ ላይ መስፈር ይኖርበታል። አንዱ ልጅ እስኪካድ ድረስ ልጅ ነው፤ ሌላው አባት እንዲኖረው አንድ ሰው አፉን መክፈት አለበት።

ያልወለዱትን ልጅ የኔ ለማለትም ባህላችን ቃላት አሉት። «ጉዲፈቻ» ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን በመሠረቱ ለራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው፤ ዛሬ የሕግ ቃል ሆኗል። «የጡት ልጅ» የሚባለው ደግሞ በቀድሞው ልማድ ማር የተቀባ ጡት ወይም ጣት በማጥባት ዝምድናው የሚጸናለት ነው። በሁለቱም ቃላት ውስጥ ያለው ሐሳብ መመገብና ማሳደግ ነው። ልጅን አለመካድ በቃል ብቻ እንደማያልቅ ቋንቋው ራሱ ይነግረናል።

በንግግር ደግሞ ልጁን የሚክድ ወላጅ «ካድሁህ» አይልም፤ «አላውቅህም!» ይላል። እንደሚያውቀው እያወቀ አላውቅህም ይላል። በወንጌል የተጻፈው የጴጥሮስ ክህደትም በዚሁ ቃል ነው፤ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሰውየውን አላውቀውም አለ። በዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ላይ ደግሞ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ተብሎ ተጠየቀ፤ ሦስት ጊዜም እወድሃለሁ አለ። ለሦስቱ «አላውቀውም» ተቃራኒ ሆኖ የቀረበው «አውቀዋለሁ» አለመሆኑን ልብ ይሏል።

መ. ሃይማኖትን። እዚህ «ካደ» እና «አመነ» እንደገና ይገናኛሉ። «አመነ» ሰፊ ቤተሰብ አለው፤ ታመነ፣ ተማመነ፣ አሳመነ፣ አስተማማኝ፣ እምነት፣ አማኝ፣ ታማኝ። «ሃይማኖት» እና «አሜን»ም ከዚሁ ሥር ናቸው። ሥሩ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ስለሆነ ሙስሊሞች «ኢማን» እና «ሙእሚን» የሚሏቸው የዐረብኛ ቃላትም ዘመዶቹ ናቸው።

ይሁንና ክህደት ሁልጊዜ ክፉ ነው ብለን እንዳናስተምር መጠንቀቅ ያሻል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ የጥምቀት ሥርዓት ተጠማቂው፣ ሕፃን ከሆነም ስለ እሱ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ያምናል። በእስልምና የሸሃዳው ቃልም የሚጀምረው ከአንዱ አምላክ በቀር ያለውን ሁሉ በመካድ ነው፤ ማጽናቱ ይከተላል። በሁለቱም ዘንድ እምነት ከክህደት ቀጥሎ ይመጣል። ምኑን ካደ የሚለው ጥያቄ ተቃራኒውን ብቻ ሳይሆን ቃሉ ሙገሳ ወይም ነቀፋ መሆኑንም ይወስናል።

ሠ. ውልንና ሕግን። ውልን በተመለከተ «ካደ» እና «ሻረ» ይለያያሉ። ውሉን ካደ ማለት አልተዋዋልሁም አለ ማለት ነው። ውሉን ሻረ ማለት ግን አዎ ተዋውዬ ነበር፣ ከእንግዲህ ግን አያስረኝም አለ ማለት ነው። ለዚህ ከውጫሌ ውል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። የአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። ዐፄ ምኒልክ ፊርማቸውን አልካዱም። የተቃወሙት ያላሉት ነገር እንዳሉ ተደርጎ መጻፉን ነው፤ በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ውሉን ሻሩት። ነገሩ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ለይቶለታል።

የዚህ ዓይነቱ «ሻረ» ተቃራኒ «አጸደቀ» ነው። አንድ ስምምነት በመንግሥት ተወካይ ስለተፈረመ ብቻ የአገር ሕግ አይሆንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ሕግ አካል ናቸው የሚላቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ነው። ገበሬውም ይህንን ቃል ያውቀዋል፤ የተተከለ ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» ይላል። ተማሪ «ማጽደቅ» የሚለው ቃል ከከበደው ከግቢው ችግኝ ተነሥቶ ማስረዳት ይቻላል። መትከል እንደ መፈረም ነው፤ መጽደቁ የሚታየው ሥር ሲይዝ ነው።

ረ. ውለታን። ውለታ የካደ ሰው «በልቶ ካጅ» ይባላል። ለእሱ ተቃራኒ የሚሆነው «ውለታ መላሽ»፣ «ውለታ የማይረሳ» ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረትም ከዚሁ ሐሳብ የሚቀዳ ነው። እዚህም «ውለታውን አመነ» ብንል ዐረፍተ ነገሩ አይቆምም።

5. ክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ከዚህ በላይ ያየነው ለዕለት ተዕለት ማስተማር የሚጠቅመው በሚከተለው መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ቃሉን ለብቻው አንስጥ። «ካደ» ብለን ከመጠየቅ «ሌባው መስረቁን ካደ» ብለን ብንጠይቅ አራቱ መልሶች ወደ አንድ ይሰበሰባሉ። ሰሌዳ ላይ የሚጨምረው ሁለት ቃል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ተማሪው ያገኘውን ተቃራኒ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተክቶ ጮክ ብሎ ያንብበው። «ሌባው መስረቁን ተቀበለ» ሲል ጆሮው ራሱ ይነግረዋል። አፍ መፍቻ ቋንቋቸው አማርኛ ያልሆነ ልጆች ባሉበት ክፍል ግን ጆሮን ብቻ መተማመን ስለማይቻል መምህሩ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ጨምሮ ማሳየት ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ከኤክስ በፊት «ምን አስበህ ነው?» «ምን አስበሽ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ልጅቱ «አባትየው ልጁን ካደ ሲሉ ሰምቼ» ካለች መልሷ ትክክል ነው። መልስ ወረቀቱ ያላሰበውን እሷ አስባለች።

አራተኛው ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። በአገራችን የተማሪ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው። በስም መጥሪያው ላይ በአባት ቦታ የእናት አባት ስም የተጻፈለት ልጅ በክፍላችን ሊኖር ይችላል። ለሌሎቹ «ልጁን ካደ» የሰዋስው ምሳሌ ሲሆን ለእሱ የቤቱ ታሪክ ነው። ምሳሌውን መጠቀም ካስፈለገ «ልጁን ተቀበለ»፣ «አክስቱ እንደ ልጇ አሳደገችው» ከሚለው ወገን መጀመር ይቻላል፤ ትምህርቱ አይጎድልም። እንዲህ ያለውን ልጅ በምዝገባ ጊዜ «አባትህ የት አለ?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ግን ከነጭራሹ መቅረት አለበት።

6. መልመጃ

ከዚህ በታች ላሉት ዐረፍተ ነገሮች ተቃራኒ እየፈለጋችሁ ቃሉን በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተኩት። ቃሉ ሲለወጥ ሌላው ቃልም መለወጥ ካለበት ለውጡት።

1) ጎረቤቷ የተዋሰችውን ምጣድ ካደች።
2) ሩጫው ሊያልቅ ሲል ጉልበቱ ከዳው።
3) ዕድሩ የቆየውን መተዳደሪያ ደንብ ሻረ።
4) ሰውየው በውሉ ላይ ያለውን ፊርማ ካደ።
5) ያሳደገችውን አክስቱን ካዳት።
6) ልጅቷ የቀረበላትን ምክር አልቀበልም አለች።

ሁለተኛው ላይ ግሡን ልብ በሉ። አራተኛውና አምስተኛው ከአንድ በላይ መልስ ሊኖራቸው ይችላል፤ ከአንድ በላይ ያገኘ ሰው የሚለያዩበትን ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። የሠራችሁትን ለአማርኛ ክፍለ ትምህርት አስረክቡ። የማንስማማባቸው መልሶች ካሉ በሚቀጥለው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ከነክርክራቸው ይወጣሉ።